የአዳኝ ስንቅ፤ በአርዲቦና በአምባሰል ተራሮች

አደን ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው የሚሮጠው ወደ ግዳዩ ነው። ጠመንጃው ሲጮኽ፣ አውሬው ሲወድቅ፣ ገዳዩም ጎፈሩን ደፍቶ ሲፎክር ይታየዋል። በአባቶቻችን ዘንድ ግን ይህ የነገሩ ጅራት እንጂ ራሱ አልነበረም። ራሱ ዝግጅቱ ነበር፤ ይኸውም ስንቁ፣ መሣሪያው፣ ጓደኛው፣ የእግር ጕዞው፣ የነፋሱና የዱካው ዕውቀት ነው። በዚህ ጽሑፋችን ለመመልከት የፈለግነው ይኸንን የተረሳ ክፍል ነው። ምክንያታችንም በወሎ ተራሮች የዱር አራዊት ላይ የደረሰው ጥፋት ከዚህ ዝግጅት መላላት ጋር የተያያዘ መስሎ ስለ ታየን ነው። ዘመኖቹን አንባቢ ከውጭ አገር መጻሕፍት ጋር ለማስተያየት እንዲመቸው በአውሮጳ አቆጣጠር አስቀምጠናቸዋል።

ከደሴ በስተ ሰሜን ሁለት ሐይቆች ይገኛሉ። አንደኛው በደሴቱ ገዳም ስሙ የታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ ነው። ሁለተኛው አርዲቦ ከእርሱ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ብሎ፣ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ላይ በኰረብቶች ተከቦ ተኝቷል፤ ትርፍ ውሃውንም ወደ ታችኛው ሐይቅ ይለቃል። ታችኛው ሐይቅ ግን ለማንም አያቀብልም፤ የመጣለትን ሁሉ ይዞ ይቀራል። ከአርዲቦ ዳር ቆሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚመለከት ሰው የአምባሰልን ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ ተነሥተው፣ እንደ ግንብ ተገትረው ያያቸዋል። የግሸን አምባ በዚያ አገር መሆኑን፣ የአምባሰልም ገዢ ጃንጥራር ይባል እንደ ነበረ አንባቢ ያውቃል። በስተ ምሥራቅ ደግሞ ምድሩ እየተቈረጠ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ በዚህ አገር ቆላውና ደጋው የተራራቁ አይደሉም፤ እግሩ የጠና ሰው በጥቂት ቀን ጕዞ ሁሉንም ይረግጣል። የአዳኝ ዝግጅት ከባድ የሚሆነውም በዚህ ነው። ለቆላው የሚበጀው ልብስ በደጋው ሌሊት ያስቀጣል፤ ለደጋው የተሰናዳው ስንቅም በቆላው ውሃ ያስጠማል።

የሚታደነውስ ምን ነበር? ስለ አደን የተጻፉ የውጭ አገር መጻሕፍት ዋላና ኤልክ የሚባለውን ትልቁን የአሜሪካ ዋላ ያወሳሉ። ቀንዱ እንደ ቅርንጫፍ የሚበቅል፣ በየዓመቱም ወድቆ እንደ ገና የሚወጣ እውነተኛ ዋላ በአገራችን የለም፤ በአፍሪካ ምድርም የዚህ ወገን አገሩ የሰሜኑ ጫፍ ብቻ ነው። የእኛ አጋዘንና ድኩላ ቀንዳቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚሸከሙ ሌላ ወገን ናቸው። ለወሎ ደጋ አዳኝ የሚቀርቡት ድኩላ፣ ሰስና ሚዳቋ ነበሩ። ጠቈር ያለውን የደጋ ድኩላ የጀርመኑ ተመራማሪ ኦስካር ኖይማን በ1902 በዳግማዊ ምኒልክ ስም ስለ ሰየመው እስከ ዛሬ የምኒልክ ድኩላ ይባላል። በጥሻ ውስጥ ብቻውን ይውላል፤ ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ብቻ ወደ ዳር ይወጣል፤ ሲደነግጥም እንደ ውሻ ይጮኻል። ሰስ በበኩሏ በሰኮናዋ ጫፍ ቆማ በገደል ላይ ትዘላለች፤ ከባልዋም አትለይም። እነዚህን በሩጫ የሚደርስባቸው ሰው የለም። ቀድሞ ያወቃቸው ብቻ ያገኛቸዋል።

በጥንቱ ዘመንማ በሐይቁ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ እንስሳ ነበር። በ1520 ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሐይቅ እስጢፋኖስን ደሴት ሲያወሳ በዚያ ውሃ ጉማሬ እንዳለ ጽፏል፤ እንስሳውንም የጠራው በአገሩ ስም፣ በእኛው ቃል ነው። ዛሬ በሐይቅም በአርዲቦም ጉማሬ አይታይም። የጉማሬን አደን እንደ ሙያ ይዘው የኖሩት በጣና ዳር ያሉት ወይጦዎች ነበሩ፤ በደንገል ታንኳ ሆነው በጦር ይወጉት ነበር። ሥጋውን በመብላታቸው ጎረቤቶቻቸው ይጸየፏቸው ነበር። ይህንንም ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአገራችን አንድ ሰው ለአደን ሲነሣ ምን እንደሚገድል ከመወሰኑ በፊት ምን እንደሚበላና ከማን ጋር እንደሚበላ መወሰን ነበረበት።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንመለስ። ክረምት የአደን ጊዜ አልነበረም፤ ሣሩ ረጅም ነው፣ ወንዙ ይሞላል፣ ሰውም በእርሻው ላይ ነው። ጊዜው መኸር ገብቶ አውድማው ከተጠረገ በኋላ ይጀምርና እስከ በልግ ይዘልቃል። ለክርስቲያኑ በዚህ ውስጥ ዐቢይ ጾም ስለሚገባ ቀኑን ቈጥሮ መነሣት ያስፈልገዋል። ስንቁ ክብደቱ ቀላል፣ ጕልበቱ ብዙ የሆነ ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ለብርቱም ሰው በቅቤ የታሸ ጭኮ። ይህ ሁሉ በአቁማዳ ይያዛል፤ ውሃው በቅል ይንጠለጠላል። የስንቁ ምስጢር ጭስ አለመፈለጉ ነው። እሳት ያነደደ አዳኝ ያለበትን ለአውሬው ሁሉ አስታወቀ ማለት ነው፤ በሶ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ቆሎም በጨለማ ይቆረጠማል። ባልጩቱ ከኪስ የማይለየው ለክፉ ቀን፣ ማለትም በረዶ ለጣለበት ሌሊት ወይም ለታመመ ጓደኛ ነው። ጨውና በርበሬ ደግሞ ለመመለሻ ይያዛሉ፤ ሥጋ ከተገኘ ቋንጣ ሆኖ ካልተዘለዘለ ከዚያ ተራራ ሳይሸት አይወርድምና።

ጓደኛ መምረጥ ከስንቁ ይበልጣል። ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ ወሬ ይበዛል። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጋብቶና ተዋልዶ የሚኖር ሕዝብ በመሆኑ አብረው ለአደን ይወጡ ነበር፤ ሆኖም አንዱ ሌላው ያረደውን አይበላም። ስለዚህ ከመነሣታቸው በፊት መነጋገር አለባቸው። አንዱ ድኩላ የወደቀ እንደ ሆነ በስመ አብ ብሎ የሚያርደው ማን ነው? ቢስሚላህ ብሎ የሚያርደውስ? የወደቀው ነፍሱ ሳትወጣ ቢላዋ መድረስ ስላለበት፣ ሞቶ የተገኘው ለሁለቱም ስለማይሆን፣ ይህ ንግግር ቀልድ አልነበረም። ለሁለት ቤት ሁለት እንስሳ ከማስፈለጉ በቀር፣ የቈሰለውን ቶሎ እንዲከታተሉ፣ ከሩቅም እንዳይተኩሱ ያስገድዳቸው ነበር። በእኛ አስተያየት ለአራዊቱ ይህ የሃይማኖት ጥንቃቄ ከኋለኛው ዘመን ደንብ ያልተናነሰ ጠባቂ ሆኗቸዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጀማሪውን ከባለሙያው የሚለየው የነፋስ ዕውቀት ነው። ተራራ በቀንና በሌሊት ሁለት ዓይነት እስትንፋስ አለው። ሌሊቱን የቀዘቀዘው አየር እንደ ውሃ በሸለቆው ቁልቁል ይወርዳል፤ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ደግሞ አየሩ ሽቅብ ይወጣል። እንግዲህ ጎሕ ሳይቀድ የሚቀርብ ሰው ከታች መምጣት አለበት፤ ረፋዱ ላይ ግን ዞሮ ከበላይ መውረድ ይገባዋል፤ አለዚያ ሽታው ከእርሱ በፊት ይደርሳል። በአርዲቦ ዙሪያ ደግሞ ሌላ ነፋስ ይጨመራል፤ ቀን ምድሩ ሲሞቅ ከሐይቁ ወደ ኰረብታው የሚነፍሰው ነው። በልማዱ አዳኙ ጥቂት ዐመድ በጨርቅ ቋጥሮ ይይዝና በየጊዜው በጣቱ እየቈነጠረ ይበትናል። ይህ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ ዋጋው ማስተዋል ብቻ ነው። ዱካውንም እንዲሁ። ጠል የነካው ዱካ የሌሊት ነው፤ ጠሉን ያራገፈው የማለዳ ነው። በጠል የተዘጋውን የሸረሪት ድር የበጠሰ እንስሳ ገና ሩቅ አልሄደም። ልጅ ከአባቱ ጋር ያለ መሣሪያ ሁለት ሦስት በጋ ከተራራ ሲወርድና ሲወጣ ይኸንን ሁሉ በዓይኑ ይማር ነበር። ጦር የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

መሣሪያው ራሱ ዝግጅትን ያስገድድ ነበር። በጦር የሚወጋ ሰው እስከ ጥቂት ክንድ መቅረብ አለበት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1772 ከጎንደር ወደ ሱዳን ሲመለስ በጨርቂን ያየው የዝሆን አደን ይኸንን በጣም ያስረዳል። ሁለት ሰው በአንድ ፈረስ ይቀመጣል፤ የፊተኛው ፈረሱን ከዝሆኑ ፊት ሲያሯሩጥ የኋለኛው ሰይፍ ይዞ በዝሆኑ ኋላ ይወርድና የተረከዙን ጅማት ይቈርጠዋል። ወዲያው ፈረሰኛው ተመልሶ ጓደኛውን ያነሣዋል። እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይለማመዱት የሚሞከር አይደለም፤ ከፈረሱም፣ ከጓደኛውም፣ ከሰይፉም ጋር ዓመታት መኖር ያስፈልጋል። በእሳት ክር የሚለኰሰው ነፍጥ ከመጣ በኋላም ነገሩ አልቀለለም። ባሩዱ በአገር ቤት የሚቀመም፣ ድኙ ከአፋር በረሃ የሚመጣ፣ ዝናም ሲነካው የሚከዳ ነበር። አንድ አረር ተኵሶ ሌላውን እስኪጐርስ ድኩላው በሌላ ቀበሌ ነው። ስለዚህ ነፍጠኛውም እንደ ጦረኛው ቀርቦ፣ አድፍጦ፣ ታግሦ መተኰስ ነበረበት።

እውነቱን ለመናገር ግን የጥንቱን ሁሉ ማወደስ አይገባም። የአገራችን የአደን ልማድ አንድ ትልቅ ጕድለት ነበረው፤ ግዳዩ የመጀመሪያውን ደም ላፈሰሰው ሰው ይቈጠር ነበር። ገድሎ የጣለው ሌላ ቢሆን እንኳ ቀድሞ ያቈሰለው ይሸለማል። ሽልማቱም ቀላል አልነበረም። ዝሆን የገደለ ጉትቻ በጆሮው ያንጠለጥላል፤ አንበሳ የገደለ ጎፈሩን ይደፋል፤ በራሱ ላይ ቅቤ ይቀባል፤ በግብር ላይ ተነሥቶ ይፎክራል። እንግሊዛዊው ሻለቃ ዊልያም ሃሪስ ከ1841 እስከ 1843 በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘንድ በመልክተኝነት ሲቀመጥ ዝሆን በመግደሉ ንጉሡ እንደ አገሩ ወግ ሸልመውታል። ይህ ክብር ለጀግንነት ማነሣሻ እንደ ሆነ አይካድም። ነገር ግን ቸኵሎ ለሚያቈስል ሰው ክብር የሚሰጥ ልማድ መሣሪያው ሲለወጥ ምን ሊያመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ያሰበ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ቃል ብንጨምር አንባቢ አይቀየመንም። አራዊትን የሚያሳድደውን ሰው አዳኝ እንላለን፤ ከሞት የሚያተርፈውንም አዳኝ እንላለን። ግሦቹ አደነና አዳነ ሁለት ናቸው፤ በጽሕፈት ግን ስሙ አንድ ሆኖ ተገናኝቷል። ንባቡን የሚለየው የዐረፍተ ነገሩ ዐውድ ብቻ ነው።

መሣሪያውም ተለወጠ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ከጀርባው የሚጐርሰው ጠመንጃ፣ ሕዝቡ ውጅግራ ብሎ የሰየመው የፈረንሳዩ ግራስና ሌሎችም በብዛት ገቡ። ለአገር ነጻነት ያደረጉትን አገልግሎት ዐድዋ በ1896 መስክሯል፤ ያንን ማንም አይዘነጋውም። ለአራዊቱ ግን ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። መጀመሪያ ላይ ጥይቱ ውድ ስለ ነበር፣ በገበያም እንደ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ስለ ነበር፣ አዳኙ ያለ ነገር አይተኩስም ነበር። አንድ ጥይት በከንቱ ማጥፋት ከኪስ ገንዘብ መጣል ነው። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የጠላት ወረራና ከእርሱም በኋላ ግን መሣሪያና ጥይት በየቤቱ ተበተነ። ሁለት ሦስት በጋ የነፋስ ትምህርት የሚያስፈልገው ሥራ በአንድ ቀን የሚሠራ መሰለ። ከሩቅ ተኵሶ ማቈሰል ቀለለ፤ የቈሰለውን በገደል ተከትሎ ማግኘት ግን እንደ ድሮው ከባድ ሆኖ ቀረ። በጥሻ ገብቶ የሞተው ድኩላ ለአራጁም ለበላተኛውም ሳይሆን የጅብ እራት ሆነ። ደኑ ለማገዶና ለእርሻ መመንጠሩ፣ ወሎንም በ1973ና በ1984 የመታው ድርቅ መከራውን እንዳከበደው አይካድም። ጥፋቱን ሁሉ በጠመንጃ ላይ አንጭንም፤ ሆኖም ጠመንጃው ዝግጅቱን እንዳስተወው ለማየት የሚከለክለን የለም።

በዚሁ ዘመን የውጭ አገር አዳኞችም ይመላለሱ ነበር። እንግሊዛዊው ፓወል ኮተን ከ1899 እስከ 1900 ባደረገው ጕዞ በሰሜን ተራሮች ዋልያ አድኗል፤ ጕዞውንም በ1902 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሟል። በ1908 ደግሞ አይቮር በክስተን በአርሲ ተራሮች የገደለው እንስሳ ለዓለም ሊቃውንት ፈጽሞ አዲስ ሆኖ ተገኘና በ1910 በገዳዩ ስም ተሰየመ። ይህ የደጋ አጋዘን ነው። ለአርሲና ለባሌ ሰው ግን አዲስ አልነበረም። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ይህን የመሰለ ትልቅ እንስሳ እስከዚያ ዘመን ለሳይንስ ተሰውሮ መቈየቱ የተራሮቻችንን አስቸጋሪነት ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ዝግጅቱ በወረቀት መጀመር ግድ ሆነ። በ1944 የወጣው ቍጥር 61 ዐዋጅ አደንን በሥርዓት ለመግዛት የታወጀ ነበር። በ1963 ዩኔስኮ ሰር ጁልያን ሃክስሌይ የነበሩበትን የሊቃውንት ቡድን ላከ፤ ከዚያ ወዲህ የብሔራዊ ፓርኮች ሐሳብ ሥር ሰደደና የሰሜን ተራሮች በ1969 ተከለሉ። በ1972 ዝርዝር ደንብ ወጣ፤ በ2007ም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ዐዋጅ ቍጥር 541 ጸደቀ። ዛሬ ያለ ፈቃድ የሚያድን ሰው አዳኝ ሳይሆን ወንጀለኛ ነው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ፈጽሞ አይነኩም። የደጋ አጋዘን የሚታደነው በተወሰነ ቍጥርና በተከለለ ቦታ በፈቃድ ብቻ ነው።

በሌላው ዓለምም ነገሩ በዚህ መንገድ አልፏል። በሰሜን አሜሪካ ኤልክ ነጮች ከመምጣታቸው በፊት በሚሊዮን ይቈጠር ነበር፤ በ1900 ገደማ ግን ከመቶ ሺህ በታች ወርዶ ነበር። በ1937 በወጣው ሕግ በአደን መሣሪያና በጥይት ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ለአራዊት ጥበቃ እንዲውል ተደረገ፤ የሚገደለው ቍጥር በየአካባቢው ተወሰነ፤ ዛሬ ኤልክ ወደ አንድ ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። በሮኪ ተራሮች ያለ መሪ፣ ያለ አጋሰስ፣ በራሱ ጕልበት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው ወራት አስቀድሞ ይዘጋጃል። ካርታ ያጠናል፣ ጭነት ተሸክሞ አቀበት ይለማመዳል፣ ጠመንጃውን በየርቀቱ ይፈትናል፣ ነፋሱን በዱቄት ይፈትሻል፣ ከሦስት መቶ ኪሎ የሚበልጥ እንስሳ ቢወድቅ ሥጋውን በስንት ምልልስ እንደሚያወርድ ያሰላል። የእኛ አባቶች ይኸንን ቢሰሙ የሚደነቁ አይመስለንም። ዱቄቱ በዐመድ፣ ጭነቱ በአቁማዳ ይለወጥ እንጂ ሥራው ያው ነው። ልዩነቱ እነርሱ አስቀድሞ የቈጠረላቸው ሰው አለመኖሩ ነበር፤ በተራራው ላይ ስንት ድኩላ እንዳለ፣ ስንቱስ ቢነሣ ዘሩ እንደማይጠፋ የሚነግራቸው አልነበረም። ድኩላው የማያልቅ ይመስላቸው ነበር።

እንግዲህ ዛሬ አንድ ወጣት ከአርዲቦ ተነሥቶ ወደ አምባሰል ለአደን ልዘጋጅ ቢለን ምን እንመልስለታለን? በሐይቁ ዙሪያ ያለው ኰረብታ አብዛኛው እርሻ ነው፤ ጥሻውም ሳስቷል። ጠመንጃውን እቤት ያኑረው። የቀረውን ግን፣ በሶውን፣ ቅሉን፣ ጋቢውን፣ ሦስቱን ጓደኞች፣ የዐመዱንም ቋጠሮ ቢይዝ አናስቀረውም። ከዚያም ወደ ደቡብ ወሎ ምዕራብ ይሻገር። በቦረና ሳይንት ያለው የደንቆሮ ጫካ ዛሬ በፓርክነት ተጠብቋል፤ በውስጡም ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮና የምኒልክ ድኩላ ይኖራሉ። በዚህ ዓይነት ጫካ ድኩላ ለመቍጠር የሚወጡ ሰዎች የሚሠሩት እንደ ድሮው አዳኝ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ፤ ነፋሱን ፊታቸው ላይ አድርገው ይሄዳሉ፤ አይነጋገሩም፤ እሳት አያነዱም። እንስሳው ከጥሻው ዳር ብቅ ሲል ወንድ ይሁን ሴት፣ አዋቂ ይሁን ግልገል በደብተራቸው ይጽፋሉ። ከዚያም ፀሐይዋ ገደሉን ሳታሞቀውና ነፋሱ ሳይዞር ቦታቸውን ይለውጣሉ።